የሚያልፍ መኪና፣ የሚቆም መኪና
በገዳሪፍና በመተማ መስመር ቦታና ቤት ስለ መግዛት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህ አዳራሽ ውስጥ ገዳሪፍን የማያውቅ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። አንዱ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዷል፣ አንዱ ሰሊጥ ሊሸጥ፣ አንዱ ደግሞ በክፉ ቀን ልጁን አዝሎ በእግሩ ተሻግሯል። ስለዚህ ከተማዋን ላስተዋውቃችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት በዚያ መስመር ከደላላ አፍ ከማትጠፋ አንዲት ሐረግ ጋር ልከራከር ነው፦ «አስፋልት ዳር»።

ገንደ ውኃም ሆነ መተማ፣ ገዳሪፍም ሆነ ከሰላ፣ ቦታ የጠየቀ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው ይህችኑ ነው። ደላላው «አስፋልት ዳር» ይልና ዋጋውን ይጠራል፤ ገዢውም እንደ ተማረከ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን ዝም የሚያሰኝ ነገር አይታየኝም። መኪና ስላለፈ ብቻ ቦታ አይወደድም። ቦታ የሚወደደው መኪናው ሲቆም፣ ሾፌሩ ሲወርድ፣ ኪሱ ሲከፈት ነው። እንግዲህ ጥያቄው «መንገዱ ስንት መኪና ያሳልፋል?» ሳይሆን «መኪናው እዚህ ለምን ይቆማል? ነገስ ይቆማል ወይ?» ነው። የዛሬ ንግግሬ ከዚህ አይወጣም።

ከመተማ ልጀምር። ከገዳሪፍ እስከ ሱዳን በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሿን ድልድይ ስትሻገሩ መተማ ዮሐንስ ትገባላችሁ፤ ከዚያ እስከ አዘዞ ደግሞ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዛሬ አስፋልት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ከጎንደር በጭልጋና በወህኒ አድርጎ ቡናው፣ ሰሙ፣ ማሩ፣ በቅሎው፣ ለማስታወስ በሚያሳፍር ሁኔታም ሰው ራሱ ለባርነት ወደዚያ ገበያ ይወርድ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 አልፎበት ስላየው ነገር ጽፏል። በዚያን ጊዜ ከተማዋን የያዙት ደገኞችም የአካባቢው ዓረቦችም አልነበሩም። ተክሩር የሚባሉ፣ ከዳርፉርና ከዚያም ማዶ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወደ መካ ሲጓዙ መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ከተማዋን ያቀኗት መንገደኞች ናቸው ማለት ነው፤ ሊያልፉ መጥተው የቆሙ።

ገበያው ለምን እዚያ ሆነ? ምክንያቱ እግር ነው። ግመል ደጋ አይወጣም፤ የደጋ በቅሎም ቆላ ገብታ ብዙ አትቆይም፣ ዝንቡና ሙቀቱ ይጥላታል። ስለዚህ ሸንተረሩ ካለቀበት ሜዳው ከጀመረበት ላይ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ መዛወር ነበረበት። ሲራገፍ ያድራል፤ ሲያድር ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዋዋላል። ይህ ነጋሪት የተጎሰመለት አዋጅ አይደለም፤ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ኬላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቤት የሠራ ሰው ምክንያቱ እስካለ ድረስ አይጎዳም ነበር።

መኪና መጣና ምክንያቱ ጠፋ። ጭነት መኪና ደጋም ቆላም ይሄዳል፤ ፖርት ሱዳን የተጫነ ጎንደር እስኪደርስ መራገፍ አያስፈልገውም። ዛሬ መተማ ላይ መኪና የሚያስቆመው ጉምሩክ ነው፣ ፓስፖርት ነው፣ ፍተሻ ነው። በአንድ ቃል ወረቀት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፤ የግመልን እግር የሚለውጥ መንግሥት የለም፣ ወረቀትን ግን በአንድ ደብዳቤ ይለውጡታል። በ1995 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነዳጅ ከሱዳን ማስገባት ስትጀምር ቦቴ በዚያ መስመር ተመላለሰ፤ ያን ጊዜ የመንገድ ዳር ቦታ የያዘ ሁሉ ባለጸጋ የሆነ መሰለው። ቦቴ ግን ጎመን አይገዛም። ሾፌሩና ረዳቱ አንድ ምሳ በልተው፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት አድረው ይሄዳሉ። የተጠቀመው ሰፊ ማቆሚያና የሚበላ ምግብ የነበረው ሰው ነው።

ድንበር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላም ነገር አይርሳ። ነጋዴ የሚመችበት መንገድ ለጦርም ይመቻል። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚያ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 እንግሊዝና ጣሊያን ገላባትና መተማ ላይ ተታኩሰዋል። የእኛ ዘመን ደግሞ የራሱን ጨምሯል፤ እመለስበታለሁ።

ገዳሪፍ ሌላ ነገር ነው። የጥንት ስሙ ሱቅ አቡ ሲን ነበር፤ የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች የነበሩት የአቡ ሲን ቤተሰብ ገበያ ማለት ነው። የአሁኑን ስም «ሸጦ ገዝቶ የጨረሰ ይነሣ» ከሚል የዓረብኛ አባባል ጋር የሚያያይዙ አሉ። እውነትም ሆነ ተረት ለጉዳያችን ጥሩ ምስክር ነው፤ የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ከገበያ መፈጠራቸውን ያምናሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ባቡር ከከሰላ በኩል ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ ሠራዊት ቀለብ ፍለጋ እንግሊዞች ገደምበሊያ ላይ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመሩ። እርሻው እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ዓይን የማይጨርሰው ሆኗል። በኋላ ሶቪየቶች 100 ሺህ ቶን እህል የሚይዝ ጎተራ ሠሩ፤ ከሩቅ የሚታየው ያ ነው። ባቡሩ ሲደክም ጭነቱ ካርቱምን ከፖርት ሱዳን ወደሚያገናኘው አስፋልት ዞረ፤ የእህል ገበያው ግን ከከተማው አልወጣም። ሰሊጥ በጨረታ የሚሸጥበት ያ ገበያ እስካለ ድረስ መኪና ገዳሪፍ ላይ የሚቆመው ማንም ስላስቆመው ሳይሆን ገንዘቡ እዚያ ስላለ ነው።

መተማ መኪናው እንዲቆም የሚታዘዝበት ከተማ ነው፤ ገዳሪፍ ግን መኪናው ራሱ ፈልጎ የሚቆምበት። ገንዘቤን የት ላድርግ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ይህን ካልኩት በኋላ ብዙ አልጨምርበትም።

ገበያ የቦታን ዋጋ እንዴት እንደሚወስን ያሰላ ሰው አለ። ጀርመናዊው ባለ እርሻ ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሜዳ መካከል ላይ አንድ ከተማ አስቀምጦ፣ በዙሪያው ያለ መሬት ዋጋ ከገበያው በራቀ ቁጥር ምን ያህል እንደሚወርድ አሰላ። ለገበያ የቀረበ መሬት የሚወደደው አፈሩ ስለሚበልጥ ሳይሆን የጋሪው ኪራይ ስለሚቀንስ ነው አለ። ሜዳው በሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ ያለ ሜዳ ነው ብለው የተከራከሩት ነበሩ። ገዳሪፍን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር! ጠፍጣፋ ጥቁር መሬት፣ መካከሉ ላይ አንድ ገበያ። ሆኖም ፎን ቱነን አንድ ነገር አልገጠመውም፤ የእሱ ጋሪ ክረምት ከበጋ ይሄዳል። የገዳሪፍ መኪና ግን አይሄድም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። የዚያ አገር አፈር እኛ ዋልካ የምንለው ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ዝናብ አንድ ሌሊት ካደረ ከአስፋልቱ የወጣ መኪና ጎማው በጭቃ ተጀቡኖ ይቀራል። ሁለት መቶ ሜትር ከአስፋልት መግባት በጥር የአምስት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ በነሐሴ ግን ሌላ አገር ነው። ጎተራ ወይም መጋዘን የሚከራይ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ከመንገዱ ላይ መኪናው ጠጋ ብሎ ለሚጭንለት መጋዘን የሚከፍለውንና ጥቂት ወደ ውስጥ ለገባው የሚከፍለውን አነጻጽሩ፤ ፎን ቱነን ያልጻፈው ምዕራፍ እዚያ ተጽፏል። ግድግዳውም ነገር አለው። ዋልካ ላይ መሠረቱ ሳይጠና የቆመ ግንብ ሦስት ክረምት ሳይጠግብ ይሰነጠቃል። አንድ የማውቀው ሰው በየካቲት አይቶ የገዛውን ቤት በሐምሌ ሲገባበት በሩ አልዘጋ ብሎት ነበር፤ መቃኑ ጠምሞ። ሻጩ ስንጥቁን በጂፕሰም ደፍኖ ቀለም ቀብቶበት ኖሯል።

ውኃም የቦታ ዋጋ ነው። ገዳሪፍ የጥም ከተማ ነች፤ ውኃዋን ለረጅም ጊዜ ስትጠብቅ የኖረችው ሸዋክ አካባቢ ከአትባራ ወንዝ ዳር ነው። በአህያ ጋሪ በርሜል የሚጎተትበት ሰፈር ተከራይ የኪራዩን ያህል ለውኃ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች ሁለት ዋጋ አላቸው። የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች እ.ኤ.አ. በ2017 ሲመረቁ የውኃ መስመር ይደርሳል የተባለበት ሰፈር ሁሉ ዋጋ ጨመረ። ቧንቧው ከመድረሱ በፊት ወሬው ደረሰ ማለት ነው። ወሬ ሲደርስ የሚገዛ ሰው ለሻጩ ተስፋ ይከፍላል፤ ቧንቧውን ዓይቶ የሚገዛ ውኃ ይከፍላል። ሁለተኛው ይወደዳል፣ ግን ይጠጣል።

እንግዲህ መኪና የሚቆምበትን በምን እናውቃለን? ጥናት የሚሠሩ ድርጅቶች ልጆችን ሰዓት አስይዘው መንገድ ዳር እያስቀመጡ ያስቆጥራሉ። መጥፎ አይደለም። እኔ ግን አስቀድሜ የማያት ሻይ ሻጯን ነው። ገዳሪፍ የሄዳችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሱዳኖቹ ሲት ሻይ ይሏቸዋል፣ ብዙዎቹም የእኛው እህቶች ናቸው። አንድ ከሰል ማንደጃ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አምስት ስድስት አጫጭር በርጩማ። ካርታ የላትም፣ ሊዝ አልከፈለችም፣ የሚያስራት ግድግዳ የለም። ቦታው ካልሠራ በነጋታው በርጩማዋን ተሸክማ ትሄዳለች። ስለዚህ አንድ ሲት ሻይ ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ የተቀመጠችበት ጥግ ማንም ገማች ሊሰጠው የማይችለው ማረጋገጫ አለው። በሰዓቷ ተቀመጡ፤ ጠዋት ማን ይጠጣል? ሐማል ነው፣ ሾፌር ነው፣ ጸሐፊ ነው? ከሰዓት ወዴት ትሄዳለች? ከምሽት በኋላ ትቀራለች? ሁለት ቀን ሻይ መጠጣት ከሚከፈል ጥናት ይረክሳል። ስለ ቦታው ዋጋ ብትጠይቋት ግን አትመልስም፤ ሥራዋ አይደለምና አታውቅም ብላችሁ እንዳትንቋት።

መንገዱ አንድ ቢሆንም ሁለት ዳር አለው። ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው የሚገዛው በሚሄድበት በኩል ያለውን ነው፤ መንገድ አቋርጦ ለዳቦ የሚዞር ጥቂት ነው። ጭነት ይዞ ወደ ገበያ የሚሄድ ሾፌር አይቆምም፤ ሸጦ ሲመለስ ነው ስጦታ የሚገዛው። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ ሱዳን ደግሞ በ1965። ለ9 ዓመት ያህል ያችን ድልድይ የተሻገረ ሾፌር ሁሉ መስመር መለወጥ ነበረበት። የመንገዱ የትኛው ዳር ይሻላል የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ዓመታት ሰውን እንዴት እንዳወዛገበ ቢጻፍ እወድ ነበር።

አዲስ አበባ ተመሳሳይ ትምህርት በሌላ መንገድ ተቀብላለች። በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ሥራ ሲጀምር በብዙ ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፈለው፤ ትናንት ተሻግሮ ይገዛ የነበረው ደንበኛ ዛሬ ድልድይ ፍለጋ የሚዞር ሆነ። መንገድ ሰፍቶ ሱቅ የተዘጋበት ጉዳይ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማት ሲመጣ ደግሞ ፒያሳ ላይ የፈረሰው ብዙው የመንገድ ዳር ነበር። «አስፋልት ዳር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ደንበኛ የሚቀርበው ቦታና ዶዘር የሚቀርበው ቦታ። በተቃራኒው ድሬዳዋን አስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር ሐረርን ትቶ ቆላው ላይ ሲያልፍ፣ ማንም ያላሰበው ቦታ ከተማ ሆነ። ባቡሩ እዚያ ይቆም ነበርና።

አሁን ወደ ድንበሩ በር ልመለስ። ሰኔ 2014 ሱዳን የገላባትን መሻገሪያ ዘጋች፤ በሐምሌ ከፈተች። በ2016 ማብቂያ መተማ ላይ ውጊያ ተነሥቶ እንደገና ተዘጋ። ከዚያ በፊትም ተዘግቶ ያውቃል። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መስመሩ ራሱ ሌላ ሆኗል። እንግዲህ የበሩ መዘጋት ለኪራይ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እናስላ፤ የምጠራው ዋጋ ለስሌት ያህል የፈጠርኩት መሆኑን ያዙልኝ። በወር 10 ሺህ ብር የሚከራይ ቤት 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ተጠየቃችሁበት። ደላላው 10 ሺህን በ12 ያበዛና «በዓመት 120 ሺህ፤ በ10 ዓመት ብርህ ተመለሰ» ይላችኋል። መተማን የሚያውቅ ግን 10 ሺህ ሙሉው የሚገኘው ሰሊጥና ማሽላ በሚታጨድበትና በሚሸጥበት ወቅት መሆኑን ያውቃል። አምስት ወር በሙሉ እንበል፦ 50 ሺህ። የቀረውን ሰባት ወር በ4 ሺህ ያዙት፦ 28 ሺህ። ዓመቱ 78 ሺህ ሆነ፤ 10 ዓመት የተባለው ከ15 ዓመት በላይ መጣ። አሁን ከአምስት ዓመት አንዱን በሩ ይዘጋል በሉና በዚያ ዓመት በወር 2 ሺህ ብቻ አስቡ። አማካዩ 67 ሺህ 200 ይሆናል፤ ብራችሁ የሚመለሰው በ18 ዓመት ገደማ ነው። ጥገና፣ ግብር፣ ባዶ ወር አላነሣሁም። ቤቱን አትግዙ አላልኩም። በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ግን አትግዙት እያልኩ ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን የስደት ኪራይን እንደ ኪራይ መቁጠር ነው። በሱዳኑ ጦርነት ታኅሣሥ 8 ቀን 2016 የወድ መደኒ ከተማ ስትወድቅ፣ በሰኔውም የሲንጃ ከተማ ስትያዝ፣ ሰው ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። የካርቱም ሐኪም፣ ነጋዴ፣ መምህር ሁሉ አንድ ክፍል ፍለጋ ሰልፍ ያዘ፤ ኪራይ ሰማይ ደረሰ። በዚያ ጊዜ በዚያ ኪራይ ላይ አስልቶ ቤት የገዛ ሰው አለ። ጥር 3 ቀን 2017 የሱዳን ጦር መደኒን መልሶ ያዘ፣ በመጋቢት ካርቱምን። ሰውም ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። ይህን የምናገረው በስደተኛው ላይ ዋጋ ጭኖ ያተረፈውን ለመምከር አይደለም፤ ለእርሱ ሌላ ምክር አለኝ፣ እዚህ የሚነገር አይደለም። ገዢ የሆናችሁት ግን ኪራዩን የሚከፍለው ሰው የሚመለስበት ቤት እንዳለውና እንደሌለው ለዩ። የኛዎቹ ስደተኞች ከደርግ ዘመን ጀምሮ የሰፈሩባት ተዋዋ ገዳሪፍ አጠገብ ዛሬም መንደር ናት፤ የሚመለሱበት ስለሌላቸው ቀሩ። የስደተኞች መጠለያዋ ኡም ራኩባ ደግሞ በረሃብ ዘመን ስደተኛ አስተናግዳ፣ ተዘግታ፣ በኅዳር 2013 እንደገና ተከፈተች። ሁለቱም ስደት ነው፤ ለቤት ግን አንድ አይደሉም።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልበል። ሱዳን ውስጥ የውጭ ዜጋ ቦታ በስሙ ለማስመዝገብ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ብዙ የእኛ ሰው በወዳጅ ስም ይገዛል። ወዳጁ ሲሞት ወራሾቹ ወዳጅ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ያልተመዘገበ መሬት እንደ መንግሥት መሬት ይቆጠራልና ሻጩ «የአባቴ ነው» ቢላችሁ አባትነቱን እንጂ መሬቱን አያረጋግጥም። ወዲህ በኢትዮጵያም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ሊዝ እስከ 99 ዓመት ነው፤ ካርታችሁ ላይ የመንገድ ክልል የት እንደሚያልፍ ሳታዩ አትፈርሙ። ድንበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1902 ስምምነት ቢፈረምበትም ምልክት ያልተተከለበት ብዙ ቦታ አለ። ሁለት መንግሥት የእኔ በሚለው መሬት ላይ ግንብ ማቆም ኢንቨስትመንት አይባልም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቦታውን በነሐሴ፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ በእግራችሁ ሂዱበት። ከዚያ የጎረቤቱን ቤት አንኳኩና በሰኔ 2014 በሩ በተዘጋ ጊዜ በወር ስንት ይከፈላቸው እንደነበር ጠይቁ። ያንን ቁጥር ጻፉት። ቤቱን የምትገዙት በዚያ ቁጥር ነው።